አየር ያልነካው ሰማያዊ

እትዬን የሚያውቃት ሁሉ «ሚዛን» ነው የሚላት። ማቅለሚያ ቤታችን ውስጥ የቀለም ዱቄት መዝና የምታደባልቀው እሷ ናት፤ እሷ ሳትመዝነው ወደ ገንዳ የሚገባ ቀለም የለም። ቤትም ስትገባ ያው ናት። ለሻይ ስኳር ስትጨምርልህ እንኳ ማንኪያዋን ወደ ብርሃን አንስታ ካላየች አይሆንላትም። እኔ ታናሽ እህቷ ነኝ፤ እዚያው ቤት ክር ማድረቂያው ጋ እሠራለሁ። የእኔ አፍ እንደ እሷ እጅ የተመጠነ አይደለም፤ ለዚህ ነው የእሷን ነገር የማወራላችሁ እኔ የሆንኩት። እሷን ብትጠይቋት «ምን ተደረገና ነው?» ብላ ሥራዋን ትቀጥላለች።

ማቅለሚያ ቤት ገብቶ የማያውቅ ሰው ይህን ይወቅልኝ፤ እዚያ ቤት ቀለም የማይገባበት የለም። ወለሉ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፣ ከገንዳዎቹ የሚወጣው እንፋሎት ዓይን ያጠፋል፣ ቀለሙም ቦት ጫማችን ውስጥ ሳይቀር ይፈሳል። የቀይ ተራ በሆነ ቀን ምራቃችን ቀይ ነው። የሰማያዊ ተራ ሲሆን የተናፈጥንበት መሐረብ ለሰው አይታይም። እናታችን በሕይወት ሳለች እዚያው ቤት ሲሠራ የኖረውን የአባባን አንሶላ ባጠበች ቁጥር «እኔ ያገባሁት ሰውየውን ነው ወይስ ገንዳውን?» ትል ነበር።

ስለዚህ በማቅለሚያ ቤታችን ለሁሉ ነገር መልስ የምትሆን አንዲት አባባል ነበረች። ጥፍርህ ጠቆረ? ቀለም ነው። ላብህ አረንጓዴ ሆነ? ቀለም ነው። አንድ ቀን አባባ ከመጸዳጃ ቤት ወጥቶ «ኧረ ሽንቴ ቀይ ሆነብኝ!» ሲል ቤቱ በሳቅ አውካካ። «የቀይ ተራ አይደል እንዴ? ታዲያ ምን ልትሸና ኖሯል?» ተባለ። አባባም አብሮ ሳቀ። ቀይ ባልተቀለመበት ቀን ደግሞ ሲያየው «ከትናንቱ የተረፈ ይሆናል» አለ። ሌላ ሙያ ያለው ሰው ደም ሲያይ ይደነግጣል፤ እኛ ግን የገዛ ደማችንን ከቀለም መለየት አቃተን። ሐኪም ቤት ሲደርስ የሽንት ፊኛው ላይ የበቀለው ካንሰር ሥር ሰዶ ነበር። አባባ ብዙም አልቆየልንም።

እትዬ የቀብሩ ዕለት አላለቀሰችም። «አይ የሷ ነገር፣ እንዴት ያለች ደረቅ ናት!» ብለው ሲያሟት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ደሜ ፈልቶ ልናገር ነበር፣ እሷው ክንዴን ያዘችኝ። እኔ እኮ አውቃታለሁ፤ ያቺ ሴት ልታለቅስ ስትል ሥራ ነው የምትጀምረው። በሳምንቱ አባባን ያከመችው ሐኪም ዘንድ ሄዳ «ይህ ነገር ከምን መጣ?» ብላ ቁጭ አለች። ሐኪሟም ድሮ ይሠራባቸው ከነበሩት የቀለም ዱቄቶች አንዳንዶቹ ይህን በሽታ እንደሚያመጡ፣ ዱቄቶቹ ከተወገዱ ዓመታት ቢያልፉም የነካቸው ሰው ገና ሊታመም እንደሚችል ነገረቻት። እትዬ ይህን ሰምታ ስትመለስ አንድ ሰው ብቻ ነበር በሐሳቧ የነበረው፤ ጋሽ ሰማያዊ።

ጋሽ ሰማያዊ የአባባ የልብ ጓደኛ ናቸው። የሰማያዊው ገንዳ ጌታ እሳቸው ስለሆኑ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነው፤ ሰውን ሲጨብጡ የሚጨበጠው ሰው በኋላ መዳፉን ያያል። ያንን የድሮ ዱቄት ከአባባ ጋር እኩል በባዶ እጃቸው አቡክተዋል። እኛን እህትማማቾችን ሙያ ያስተማሩን፣ አባባ ከሞተ በኋላም «ልጆቼ» የሚሉን እሳቸው ናቸው። ታዲያ ግግም ያሉ እንደሆነ አያድርስ ነው! ቤቱ ቢቃጠል ክራቸውን ሳያወጡ አይነቃነቁም።

ከጊዜ በኋላ ሐኪሟ እትዬን አስጠራቻት። ሐኪም ቤቱ አዲስ ምርመራ ጀምሯል። መርፌ የለ፣ ቱቦ የለ፣ ማደንዘዣ የለ፤ ጠዋት በክዳን ዕቃ የተያዘ ሽንት ብቻ ነው የሚፈለገው። የታመመ ሕዋስ ገና ትንሽ ሳለ፣ ሰውየውም ምንም ሳያመው፣ ሽንት ውስጥ ምልክት ይጥላል፤ ላቦራቶሪው የሚፈልገው ያንን ምልክት ነው። «በዓይን ደም ከመታየቱ በፊት ልናገኘው እንችላለን» አለቻት ሐኪሟ። «ሁልጊዜ አይደለም፤ የሚያመልጠንም አለ። ግን እናንተን የመሰለ ሥራ ላይ ያለ ሰው ቢመረመር ነው የሚሻለው።»

እትዬ በማግስቱ ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ሁላችንንም ሰብስባ ነገሩን ተናገረች። ስትናገር ደግሞ አታሳምርም። «ነርሷ ሐሙስ ትመጣለች፤ ሁላችሁም ጠዋት ሽንታችሁን ይዛችሁ ኑ» አለች፤ አለቀ። ከዚያ የቦይለሩ ሠራተኛ፣ እንፋሎት የምንለው ቀልደኛ፣ «ሚዛን፣ እሱንም ልትመዝኝብን ነው?» ሲል ሳቁ ፈነዳ። እሷ አልሳቀችም። ዓይኗ ጋሽ ሰማያዊ ላይ ነበር።

«እኔ ሽንቴን በዕቃ ይዤ አደባባይ አልወጣም» አሉ ጋሽ ሰማያዊ። «ምንም አላመመኝም። ያላመመው ሰው ሐኪም ቤት ሄዶ ምን ይላል? 'እባካችሁ በሽታ ፈልጉልኝ' ይላል?»

እሳቸው እምቢ ካሉ ማን እሺ ይላል? ሐሙስ ነርሷ ሳጥኗን ይዛ መጣች፤ የእኔንና የእትዬን ብቻ ተቀብላ ሄደች። እኔ አፍሬ መሬት ትዋጠኝ እያልኩ ነበር፤ እትዬ ግን ነርሷን እስከ በር ሸኝታ «በሚቀጥለው ጊዜ ትልቅ ሳጥን ይዘሽ ነይ» አለቻት። ወይ ድፍረት!

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ስነግራችሁ እስካሁን ይገርመኛል። መጀመሪያ መጸዳጃ ቤቱን ያዘች። የእኛ መጸዳጃ ቤት መቀመጫው ነጭ መሆኑን የሚያስታውስ ሰው አልነበረም፤ የስንት ዓመት ቀለም ተጋግሮበት ሐምራዊ ነው ትል፣ ቡናማ ነው ትል፣ ግራ ነው። በረኪናና የሽቦ ብሩሽ ይዛ ተንበረከከች፤ እኔንም ጎተተችኝ። ስፈገፍግ ስንት ጊዜ እንደተራገምኩ እኔ ነኝ የማውቀው። ስንጨርስ የሰው ፊት የሚያሳይ ነጭ ወጣው። ቀጥላ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ የቀይ ትእዛዞችን ሁሉ ወደ ኋላ አስገፋች። እንዴት እንዳሳመነችው አልነገረችኝም፤ ብቻ ሰውየው ፊቱን አጨፍግጎ ሲወጣ አይቻለሁ።

ሰኞ ጠዋት ማድረቂያው ፊት ቆማ «በዚህ ሳምንት እዚህ ቤት አንዲት ጠብታ ቀይ የለም» አለች። «መጸዳጃ ቤቱ ነጭ ነው። እያንዳንዳችሁ የራሳችሁን እዩ። ቀይ ያየ ሰው 'ቀለም ነው' ሊል አይችልም።»

አሳቧ ጥሩ ነበር፤ ግን ተገለበጠባት። ረቡዕ ዕለት ጋሽ ሰማያዊ ከመጸዳጃ ቤት ደረታቸውን ነፍተው ወጡ። «አየሁት!» አሉ ቤቱ እስኪሰማ። «ኩልል ያለ የምንጭ ውሃ ነው! በይ እንግዲህ ሚዛን፣ ቀይሽን መልሺልንና ሥራችንን እንሥራ።» እንፋሎት አጨበጨበ፣ ሌሎቹም ተከተሉት። የኔ ቆሽት አረረ። እትዬ ወደ ሚዛን ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ተከትያት ስገባ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ የሚዛኑን ባዶ ሰሐን እያየች ነው።

«ተይው በቃ» አልኳት። «ለራሳቸው ካላዘኑ አንቺ ምን ቆርጦሽ ነው የምትንገበገቢው?»

«ዓይናቸውን ነው የሚያምኑት» አለች፣ የኔን ነገር ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ። «ዕድሜ ልካቸውን በዓይናቸው ነው የኖሩት። ያላዩትን ነገር እንዴት አድርጌ ላሳያቸው?» ከዚያ ድንገት ብድግ አለች። «የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት። ቀጥ ብላ ወደ ሰማያዊው ገንዳ ሄደች፤ እኔም ከኋላ ከኋላዋ።

ጋሽ ሰማያዊ በዘንጋቸው ክር ከገንዳው ሊያወጡ ነበር። እትዬ አጠገባቸው ቆመች። የዚህን ገንዳ ጉድ የማያውቅ ሰው ቢያይ ግራ ይገባዋል፤ ውስጡ ያለው ውሃ ሰማያዊ አይደለም፣ ቢጫ ብጤ ነው። ክሩም ሲወጣ አረንጓዴ ሆኖ ነው። አየር ላይ ሲሰቀል ነው ቀስ በቀስ ሰማያዊ የሚሆነው።

«ጋሼ፣ ይሄ ክር ምን ዓይነት ነው?» አለቻቸው፣ ገና ከገንዳው ብቅ ያለውን እያሳየች።

«ዛሬ ምን ነካሽ? ሰማያዊ ነዋ!»

«እኔ የማየው አረንጓዴ ነው።»

«ገና አየር አልነካውማ! አንቺን ይሄን ያስተማርኩሽ ተረስቶሽ ነው?»

«እና ሳይታይ ሰማያዊ ነው ይሉኛል?»

«ታዲያስ! ቀለሙ እኮ ውስጡ ገብቷል፣ አልቆለታል። የዘገየው ዓይንሽ ነው እንጂ ክሩማ...» ብለው አቋረጡት። ክሩ በዘንጉ ላይ ውሃውን እያንጠባጠበ ነበር። ጫፉ ላይ ሰማያዊው መምጣት ጀምሯል።

«ሐኪሟ የምትፈልገው ይሄንን ነው» አለች እትዬ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አረንጓዴውን። አባባን ያየነው ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ነው፣ ጋሼ። እርስዎ ዛሬ ያዩት ኩልል ያለ ውሃ ምንም የለም ማለት ላይሆን ይችላል። ገና አየር አልነካው ይሆናል።»

ጋሽ ሰማያዊ ክሩን ሰቀሉት፣ ሌላ ክር ነከሩ። ከዚያ ዞር ሳይሉ «አንቺ ነገረኛ፣ ዕቃዋን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጪልኝ» አሉ። እኔ እልል ልል ነበር፣ እትዬ በዓይኗ ገላመጠችኝና ምላሴን ዋጥኩ።

ነርሷ ተመልሳ በመጣች ዕለት ጠዋት ጋሽ ሰማያዊ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ የሆነ ነገር በጋዜጣ ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው ገቡ። የሰረቁ ነው የሚመስሉት። እንፋሎት አላስቀምጥ አላቸው። «ጋሼ፣ ምን ይዘው ነው?» «ሽቶ!» አሉት ሳይቆሙ። ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ ግን እሺ ማለታቸው ቀድሞ ተወርቶ ኖሮ፣ የእሳቸውን ያየ ሁሉ ከኪሱ፣ ከምሳ ዕቃው ሥር፣ የራሱን ማውጣት ጀመረ። እንፋሎት ራሱ ሁለት ይዞ ነበር፣ «አንዱ ቢጠፋ ብዬ ነው» ይላል። ነርሷ በእውነትም ትልቅ ሳጥን ነበር ይዛ የመጣችው።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ራሷ እየጠራች ለየብቻ ነገረችን። የእኔም የእትዬም ደህና ነው። «ለጊዜው ነው፣ በየዓመቱ ትመለሳላችሁ» አለችን። የሌሎቹም ደህና ሆነ። የጋሽ ሰማያዊ ግን ምልክት አለው። «ይህ ብቻውን ካንሰር ነው አያሰኝም፤ ግን በቀጭን ካሜራ ፊኛዎ ውስጥ ገብተን ማየት አለብን፣ ፈጥነው ይምጡ» አለቻቸው። እሳቸው «እሺ» ብለው ወጡ። በቀጠሮው ቀን ሐኪም ቤት አልሄዱም። ሥራም አልመጡም። ሰማያዊው ገንዳ ክዳኑ እንደተከደነ ዋለ፤ እንዲህ ያለ ቀን አይቼ አላውቅም።

ከሥራ ስንወጣ እትዬ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ቤታቸው ገሰገሰች። በሩን የከፈቱልን ባለቤታቸው ናቸው። «ልጆቼ፣ አይናገርም፣ አይበላም። እስቲ እናንተ አናግሩት» ብለው ወደ ውስጥ መሩን። ጋሽ ሰማያዊ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እነዚያን ሰማያዊ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ያያሉ። ባዶ እግራቸውን ናቸው። የበሩ ጥግ ላይ ጫማቸው ተወልውሎ ተቀምጧል። ለሐኪም ቤቱ ብለው የወለወሉት መሆኑ ወዲያው ገባኝ።

«አልሄድም» አሉ፣ ሳንጠይቃቸው። «አትድከሙ።»

«ፈርተው ነው?» አለች እትዬ።

«ሞትን? ኧረ ወዲያ!» አሉ። ከዚያ አወጡት። «ያን ቀን ሁላችሁ አባትሽ ላይ ከሳቃችሁ በኋላ፣ ለብቻው ገንዳዬ ድረስ መጣ። 'ወንድሜ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ ቀለም ነው?' አለኝ። ፈርቶ ነበር። ፊቱን አይቼዋለሁ፣ ፈርቶ ነበር። እኔ ክሬ እንዳይበላሽብኝ ቸኩያለሁ። 'ቀለም ነው፣ ሂድ ወደ ሥራህ' አልኩት። እሺ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ ማንንም አልጠየቀም።» ድምጻቸው ተሰበረ። «አሁን የኔ በጊዜ ታወቀና ልድን? በምን ፊቴ? እሱ አፈር ለብሶ እኔ በምን ፊቴ እድናለሁ?»

እውነቱን ልናገር፣ ያን ሰዓት ጠላኋቸው። አባባ ፈርቶ ነበር! እኛ ፊት እየሳቀ፣ ለካ ፈርቶ ነበር። ልጮህባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ እትዬ ግን በርጩማ ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ጉልበቷ ጉልበታቸውን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው።

«እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ፣ ጋሼ» አለች። «ከሁሉም በላይ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ። 'ዛሬስ አባባ ራሱ ተቀለመ' ያልኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ቢሞቱ አባባ አይመጣልኝም፤ ሁለት አባት ነው የማጣው። አባባ እርስዎን የጠየቀው ከሁላችንም አብልጦ ስለሚያምንዎ ነው። አሁን በሱ ፋንታ እኔ ልጠይቅዎ። ያው ጥያቄ ነው።» ዓይን ዓይናቸውን አየቻቸው። «ቀለም ነው?»

ባለቤታቸው በሩ መቃን ላይ ተደግፈው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

«አይደለም» አሉ ጋሽ ሰማያዊ በስተመጨረሻ።

«አልሰማሁም።»

«አይደለም! ቀለም አይደለም!» ብለው ጮኹና እንደ ሕፃን ማልቀስ ጀመሩ።

«እንግዲያው ይነሱ። ከሥራ ሳልወጣ ለሐኪሟ ደውዬ አቆይቻታለሁ።» ጫማቸውን ከጥጉ አምጥታ እግራቸው ሥር ተንበረከከች። እኔም ከኋላዋ ቆሜ ነበር፤ ማሰሪያውን ስታስር ትከሻዋ ሲርገፈገፍ አየሁት። እንባዋ የተወለወለው ጫማ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። አባባ ከሞተ ጀምሮ ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው። እጇ ግን ማሰሪያውን አልለቀቀም፤ አንዱን እግር ጨርሳ ወደ ሌላው ዞረች።

ሐኪሟ ያገኘችው ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ነገር ናት፤ ገና ከላይ የተለጠፈች፣ ሥር ያልያዘች። ያው ካንሰር ነበረች። በዚያው ካሜራው በገባበት መንገድ ቀርፋ አወጣቻት። ጋሽ ሰማያዊ አሁንም በየጊዜው እየተመላለሱ ይታያሉ፣ ይህ ነገር ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና አይዘናጉም። ገንዳቸው ላይ ግን ናቸው። ጓንት ያድርጉ ሲባሉ መነጫነጫቸውም አልቀረም።

በዓመቱ ነርሷ ስትመጣ ከሁሉ ቀድመው የተሰለፉት እሳቸው ነበሩ። ጋዜጣ የለ፣ ኮት የለ፤ ዕቃዋን ሰው ሁሉ እያየ በሰማያዊ እጃቸው ይዘዋታል። እንፋሎት ከቦይለሩ ጀርባ ብቅ ብሎ «ጋሼ፣ ዛሬም ሽቶ ነው?» አላቸው።

«ሽንቴ ነው!» አሉ ቤቱ እስኪያስተጋባ። «ሽንቴ ነው፣ አንተ ቀበጥ! ይዘህ ና ያንተንም!»

እትዬ ዕቃዋን ተቀበለቻቸው። ወደ ብርሃን አንስታ አየቻትና ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠቻት።